የቤት ድለላ በባሕር ዳር፦ በኤአይ ዘመን የትኛው መንገድ ያዋጣል?

ባሕር ዳር ውስጥ ሥራ ያጣ ወጣት ቶሎ ከሚያስባቸው ነገሮች አንዱ የቤት ድለላ ነው። ሱቅ መከራየት የለ፣ ዕቃ ማስገባት የለ፤ ስልክና ጠንካራ እግር ካለ ይጀመራል። አንድ ቤት ካሻሻጡ በልማድ የሚታሰበው ሁለት በመቶ የብዙ ወራት ደመወዝ ያህል ሊሆን ይችላል። ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ከተስፋፋ ወዲህ ግን ደጋግሞ የሚነሳ ጥያቄ አለ፦ «ኤአይ መጣ፣ ደላላ ሊቀር ነው ይባላል፤ ታዲያ ልግባበት ወይስ ይቅርብኝ?»

ድለላ አንድ ወጥ ሥራ ስላልሆነ መልሱም አንድ አይደለም። የሰፈር ደላላ አለ፣ በቴሌግራምና በቲክቶክ የሚሠራ አለ፣ የሪል ስቴት ኩባንያ ሻጭ አለ፣ ባለቤቱ ርቆ የሚኖርበትን ንብረት የሚያስተዳድር ወኪል አለ፣ የንብረት ገማችም አለ። ኤአይ አምስቱንም እኩል አይነካቸውም። አንዳንዱ ከዓመት ወደ ዓመት እየሳሳ ይሄዳል፣ አንዳንዱ ደግሞ ከበፊቱ ይበልጥ ተፈላጊ ይሆናል። የቱ የቱ እንደሆነ ከዚህ በታች አነጻጽራለሁ።

ማሽኑ የሚወስደውና የማይወስደው

እ.ኤ.አ. በ2013 የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ካርል ፍሬይና ማይክል ኦስቦርን አሜሪካ ውስጥ ያሉ 702 የሥራ ዓይነቶች በኮምፒውተር የመተካት ዕድላቸው ስንት እንደሆነ ገምተው ነበር። ለቤት ደላሎች የሰጡት ግምት 97 በመቶ ነው። ከዚያ ወዲህ ከአሥር ዓመት በላይ አልፏል፤ የአሜሪካ ደላሎች ዛሬም በሥራ ላይ ናቸው። በዚህ መሐል ዚሎው የተባለው የአሜሪካ ትልቁ የቤት ድረ ገጽ ቤቶችን በአልጎሪዝም (በኮምፒውተር ስሌት) እየተመነ ራሱ ገዝቶ መሸጥ ጀመረ። በኖቬምበር 2021 የቤት ዋጋ ወደየት እንደሚሄድ በአስተማማኝ መተንበይ አልተቻለም ብሎ ያንን ክፍል ዘጋ፣ ከሠራተኞቹ ሩብ ያህሉንም አሰናበተ። ከመዘጋቱ በፊት በነበረው ሩብ ዓመት ብቻ ከገዛቸው ቤቶች ዋጋ ላይ ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ ቀንሶ በኪሳራ መዝግቧል።

ልብ በሉ፣ ይህ የሆነው በአብዛኞቹ ግዛቶች አንድ ቤት በስንት እንደተሸጠ ማንም ሰው ከመዝገብ ማየት በሚችልበት አገር ነው። እኛ ጋ እንዲህ ያለ መዝገብ የለም። ቴሌግራም ላይ የሚለጠፈው ዋጋ ሻጩ የሚመኘው ዋጋ ነው። ውሉ ላይ የሚሰፍረው ደግሞ ግብር እንዳይበዛ ተብሎ ከእውነተኛው ዝቅ ብሎ የሚጻፍበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። እውነተኛው ዋጋ የቀረው በገዢ፣ በሻጭና በደላላ መሐል ነው። ኤአይ የሚማረው ከተጻፈው ስለሆነ፣ የተጻፈው ከእውነቱ ሲርቅ እሱም ይርቃል። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር እንደሚረዝም ብትጠይቁት ወዲያው ይነግራችኋል። ድልድዩ ከተከፈተ በኋላ ዓባይ ማዶ የትኛው ቅያስ ላይ ገዢ እንደበዛ ግን አያውቅም፤ ማንም አልጻፈለትምና።

የሚወስደውን ሥራም መካድ አያስፈልግም። ማስታወቂያ መጻፍ፣ «ዋጋው ስንት ነው? ካርታ አለው? ውኃ ይገባል?» ለሚሉት ተደጋጋሚ ጥያቄዎች መመለስ፣ የገዢን ፍላጎት ከቤት ዝርዝር ጋር ማዛመድ፣ ለውጭ አገር ደንበኛ በእንግሊዝኛ መጻፍ፣ የተዝረከረከ የስልክ ማስታወሻን ወደ ንጹሕ ሠንጠረዥ መቀየር። ይህን ሁሉ ዛሬ በነጻ ወይም በጥቂት ብር ይሠራዋል፤ አማርኛውም ከዓመት ዓመት እየተሻሻለ ነው። ሥራችሁ እዚህ ላይ ብቻ የቆመ ከሆነ የምትሸጡት ነገር እያለቀ ነው።

የሰፈር ደላላ

ብዙዎች መጀመሪያ የሚጠፋው ይሄ ነው ብለው ያስባሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ከሰፈር ደላላ ላይ የሚጠፋው ቁልፍ ይዞ ክፍል እያሳዩ ገንዘብ መቀበል ነው። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ዙሪያ ክፍል የሚፈልግ ተማሪ ወይም ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል የተመደበች ነርስ ፎቶና ዋጋ በስልኳ ካየች በኋላ ለአከራዩ በቀጥታ ትደውላለች። ስለዚህ የትንንሽ ኪራይ ኮሚሽን እየቀነሰ ይሄዳል፤ በእሱ ላይ ቤተሰብ ለማስተዳደር አታስቡ።

ሽያጭ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ግሽ ዓባይ አካባቢ ለሽያጭ የቀረበ ነባር ይዞታ (ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ ቦታ) አለ እንበል። ካርታው ንጹሕ ነው፣ ፎቶው ያምራል፣ ዋጋውም ደህና ነው። ሰፈሩን የሚያውቅ ደላላ መጀመሪያ የሚሄደው ከጎረቤት ነው። ቡና እየጠጡ «እትዬ፣ ይሄ ቤት እንዴት ነው?» ሲላቸው፣ «ልጄ፣ እሱ እኮ የወንድማማቾች ነው። አባታቸው ከሞቱ ወዲህ አልተካፈሉትም፤ ትልቁ ጎንደር ነው ያለው» ይሉታል። ይህች ዐረፍተ ነገር የትም አልተጻፈችም። ገዢውን ግን ከዓመታት የፍርድ ቤት ምልልስ ታድነዋለች።

ከዚያ ወደ ግቢው ይገባል። ካርታው ላይ ያለው ስፋትና አጥሩ የያዘው ስፋት ይገጥማል ወይ? ችካሉ የት ነው? የጎረቤት የውኃ ቧንቧ በዚህ ግቢ ሥር ያልፋል ወይ? መሬቱ መረሬ (ሲረጥብ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር) ከሆነ ግድግዳው ጥግ ጥጉን ሰንጥቋል፤ አዲስ ቀለም ከተቀባ ደግሞ በጣት እየዳሰሱ መፈለግ ነው። ወደ ጣና ዳር በቀረበው ዝቅ ያለ ቦታ ላይ የከርሰ ምድር ውኃው ቅርብ ስለሆነ ክረምት ላይ የመጸዳጃ ጉድጓዱ እንደሚሞላ፣ በበጋ የተነሳ ፎቶ አይናገርም። በኤአይ የተስተካከለ ፎቶ ደግሞ ጭራሽ ይደብቀዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። በዚያ ወቅት ሥራው ሙሉ በሙሉ ቻናል ላይ የነበረ ሰው እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። በእግሩ የሚሠራው፣ ባለቤቶቹን በስም የሚያውቀው፣ ገበያው ቢቀዘቅዝም ሥራ አላጣም። ይህ ከተማ ውስጥ መንገድ ስትመርጡ ይህንንም ከግምት አስገቡ።

የዚህ መንገድ ድክመቱ ደረሰኝና ዋስትና የሌለው መሆኑ ነው። ኮሚሽን ተከልክሎ መቅረት የተለመደ ነው። ስለዚህ ቤቱን ከማሳየታችሁ በፊት የኮሚሽን ስምምነቱን በጽሑፍ አድርጉት። እዚህ ላይ ኤአይ በደንብ ያግዛል፤ አንድ ገጽ ስምምነት አርቅቆ ይሰጣችኋል። የሽያጭ ውል ግን እንዳታስረቅቁት። ብዙ ጊዜ የአሜሪካን ልማድ ይቀላቅላል፤ እኛ ጋ በሥራ ላይ የሌሉ የዋስትናና የአደራ ሒሳብ አንቀጾችን ያስገባል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ ፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ፊት እንዲመዘገብ ያዛል። ይህን የማይጠቅስ ረቂቅ ለገዢውም ለሻጩም ጣጣ ነው።

ቴሌግራምና ቲክቶክ

ለመጀመር ከሁሉም ይቀላል፣ ለመቀጠል ግን ከሁሉም ይከብዳል። ከተማ ውስጥ ተዘዋውራችሁ ቪዲዮ ትቀርጻላችሁ፣ ሙዚቃ ትጨምራላችሁ፣ ትለጥፋላችሁ። ጥሩ ድምፅና ፊት ያለው ሰው በአጭር ጊዜ ብዙ ተከታይ ሊያፈራ ይችላል። ችግሩ ሌላው ሁሉ እንደዚሁ ማድረግ መቻሉ ነው። ያው ቤት በብዙ ቻናል ላይ በተለያየ ዋጋ ተለጥፎ ታገኙታላችሁ፤ ከለጠፉት ውስጥ ቤቱን በዓይኑ ያላየው ብዙ ነው። ኤአይ ጽሑፉንም ድምፁንም ቪዲዮውንም መሥራት ከቻለ በኋላ ማንም ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ደላላ መስሎ መታየት ይችላል። ቦታው ሲጨናነቅ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠፋው የተመልካች እምነት ነው።

ስለዚህ ይህን መንገድ እንደ መሣሪያ እንጂ እንደ ሙያ እንዳትይዙት እመክራለሁ። የምትለጥፉት ቤት የገባችሁበት ይሁን፤ ቪዲዮው ላይ የግቢውን ጉድለትም አሳዩ። «ጀርባው ላይ ስንጥቅ አለ፣ ባለቤቱ ያውቃል፣ ዋጋው ላይ ታስቧል» የሚል ሻጭ ብርቅ ስለሆነ ሰው ያስታውሰዋል። ሌላው ጥንቃቄ ቀብድ ነው። ካርታ ሳይጣራ፣ በስልክ ብቻ፣ በእናንተ የባንክ ሒሳብ ቀብድ አትቀበሉ። ነገሩ ከተበላሸ መጀመሪያ የሚፈለገው ሒሳቡ የእናንተ ነውና።

የሪል ስቴት ኩባንያ ሻጭ

ኩባንያው ሥልጠና ይሰጣል፣ ስም ይሰጣል፣ አንዳንዱ ትንሽ ደመወዝ ከኮሚሽን ጋር ይከፍላል። ገና ለጀመረ ሰው የንግግርና የድርድር ትምህርት ቤት ነው፣ ለአንድ ዓመት ያህል ጥሩ ነው። ከዚያ በላይ ግን ብዙም አይታየኝም። የተሠሩት ቤቶች አንድ ዓይነት ሲሆኑ፣ ዋጋቸው በሠንጠረዥ ሲወጣ፣ የወለሉ ፕላን በባለ ሦስት ገጽታ (3D) ምስል ሲታይ ማሽን በቀላሉ የሚገባበት ሥራ ይሆናል። በ2017 ዓ.ም. የወጣው የሪል ስቴት ልማትና የማይንቀሳቀስ ንብረት ግብይትና ግመታ አዋጅ ዘርፉን ወደ ሥርዓት ለማስገባት ነው የመጣው፤ ሥርዓት የያዘ ገበያ ደግሞ አፈ ጮሌ ሻጭ አይፈልግም። የምትገቡበትን ኩባንያ ግን መርምሩ፦ መሬቱ በእጁ ነው? ግንባታው የት ደርሷል? ለዘመድ የሸጣችሁት ቤት ባይሠራ ኩባንያው አዲስ አበባ ነው፣ ዘመዳችሁ ግን በየእሑዱ ቤተ ክርስቲያን ያገኛችኋል።

ለሩቅ ባለቤት ወኪል መሆን

ከአምስቱ የማምንበት ይሄኛውን ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ እገልጸዋለሁ።

ባሕር ዳር ውስጥ ባለቤቱ ውጭ አገር ወይም አዲስ አበባ የሚኖርበት ቤት ብዙ ነው። እነዚህ ሰዎች ቤታቸውን በወንድም ልጅ ወይም በአክስት ነው የሚያስጠብቁት። ኪራዩ በሰዓቱ አይደርሳቸውም፣ ጣሪያው ሲያፈስ የሚሰሙት ክረምቱ ካለቀ ነው፣ ከቤተሰብ ጋር በገንዘብ ሲጋጩ ደግሞ ዝምድናውም ይሻክራል። እነሱ የሚፈልጉት የቤተሰብ ይሉኝታ የሌለበት፣ በወር በወሩ ሒሳብ የሚያቀርብ ሰው ነው።

ሥራው ምንድን ነው? ተከራይ ማጣራት፣ ኪራይ መሰብሰብ፣ የመብራትና የውኃ ክፍያ መከታተል፣ የቦታ ኪራይና የቤት ግብር በወቅቱ መክፈል፣ ግንቦት ላይ ቆርቆሮውንና አሸንዳውን ማስፈተሽ፣ ተከራይ ሲወጣ ቤቱን መረከብ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲሆን ደንግጓል። ይህን በደንብ ያነበበ ወኪል ከአክስት ይልቅ ለባለቤቱ ይጠቅማል። ከወር ኪራዩ አሥር በመቶ ብትጠይቁ አይበዛም ባይ ነኝ። አንድ ቤት ብዙ አያስገኝም፤ አሥር ቤት ግን ሽያጭ ኖረም አልኖረም በየወሩ የሚገባ ገቢ ነው። ባለቤቱ አንድ ቀን መሸጥ ሲፈልግ የሚደውለው ደግሞ ለእናንተ ነው።

ኤአይ እዚህ ላይ ረዳት ነው። ወርኃዊ ሪፖርቱን ያዘጋጅላችኋል፣ ደረሰኞቹን ይደምራል፣ አማርኛ ለማያነቡት የባለቤቱ ልጆች ወደ እንግሊዝኛ ይመልሳል። ቆርቆሮው ላይ የሚወጣ፣ ሠራተኛውን የሚቆጣጠር፣ ኪራይ ያቋረጠውን ተከራይ ፊት ለፊት የሚያነጋግር ግን ሰው ነው። በዚያ ላይ ባለቤቱ የሚተማመነው ሊጠየቅ በሚችል ሰው ነው፤ ማሽን ተሳስቶ ቤት ቢያጠፋ የሚከሰስ የለም።

አደጋውም ከሥራው ጋር ይመጣል። ዋናው ውክልና ነው። ውጭ ያለ ባለቤት ውክልናውን በኢትዮጵያ ኤምባሲ አድርጎ ይልካል፣ አዲስ አበባም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል። «ሁሉንም እንድታደርግ» የሚል ሰፊ ውክልና ሲሰጧችሁ ደስ አይበላችሁ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2205 መሠረት ቤት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል፤ እናንተም ያንን ሥልጣን ባትይዙት ይሻላል። ማከራየት፣ መሰብሰብ፣ ማስጠገን፣ ግብር መክፈል ብቻ በግልጽ ተዘርዝሮ ይሰጣችሁ። ያን ጊዜ ዘመድ «ቤታችንን ሊሸጥብን ነው» ብሎ አያማችሁም።

ሁለተኛው አደጋ አዲስ ነው። የሰውን ድምፅ መስሎ የሚናገር ሶፍትዌር ዛሬ በቀላሉ ይገኛል። ባለቤቱ የሆነ የሚመስል ድምፅ ደውሎ «ቁልፉን ለእገሌ ስጠው» ወይም «ኪራዩን በዚህ ሒሳብ አስገባ» ቢል ምን ታደርጋላችሁ? ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተስማሙ፦ የገንዘብና የቁልፍ ነገር በድምፅ ብቻ አይፈጸምም፣ ቀድሞ በምታውቁት ቁጥር መልሳችሁ ትደውላላችሁ። ይህን ለባለቤቱ ስትነግሩት አይቀየምም፤ እናንተን ለምን እንደመረጠ ይገባዋል።

ለሴቶች አንድ ቃል። በዚህ ከተማ ድለላ ላይ ያሉ ሴቶች ጥቂት ናቸው። ብቻቸውን ቤት የሚፈልጉ ተማሪዎችና ሠራተኞች፣ እንዲሁም ብቻቸውን የሚኖሩ እናቶች፣ ግቢያቸው የሚገባው ደላላ ሴት ብትሆን ይመርጣሉ። በንብረት አስተዳደር ላይ ይህ ትልቅ ብልጫ ነው፣ ተጠቀሙበት።

ንብረት ገማች

ትምህርት ይጠይቃል፣ ጊዜ ይጠይቃል። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የመሬት አስተዳደር ኢንስቲትዩት ስላለው፣ ከዚያ ለወጣ ወይም ሲቪል ምሕንድስና ለተማረ ሰው በሩ ቅርብ ነው። ባንክ ለብድር መያዣ፣ ፍርድ ቤት ለውርስና ለፍቺ ክፍፍል፣ መንግሥት ለካሣ ግምት ይፈልጋል። ለሕዝብ ጥቅም መሬት ሲለቀቅ ካሣ የሚከፈልበት አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ነው፤ የኮሪደር ልማት በተስፋፋበት በዚህ ጊዜ ይህን ሕግ የሚያውቅ ሰው ሥራ አያጣም። የሲሚንቶና የብረት ዋጋ አስገብቶ የግንባታ ወጪ ማስላት ላይ ኤአይ ፈጣን ነው፤ ለገማች የሚቀርለት ቦታው ላይ መገኘት፣ ፊርማና ተጠያቂነት ነው። ገቢው ዘግይቶ ይመጣል፣ ሲመጣ ግን የተረጋጋ ነው።

እንግዲህ ለማን የቱ?

ምንም ገንዘብ የሌለው፣ ከተማውን ግን የሚያውቅ ሰው በሰፈር ድለላ ይጀምር፤ አንድ ወይም ሁለት ሰፈር ብቻ ይያዝ፣ ቴሌግራሙን ለማስታወቂያ ይጠቀምበት። ሁለትና ሦስት ሽያጭ በሰላም ካለቀለት በኋላ ከነዚያው ደንበኞች ውስጥ ርቆ የሚኖረውን ፈልጎ ቤቱን ለማስተዳደር ይጠይቅ። ዲግሪ ያለው ወደ ግመታ ይሂድ፣ እስኪደርስለት ድረስ የካርታ ማጣራት አገልግሎት ይስጥ። የሰፈሩን ቤቶች ከነታሪካቸው የሚያውቁት አንጋፋ ደላላ ደግሞ፣ ጋሼ፣ እርስዎ አንድ ስልክ የሚችል ወጣት ያስጠጉ፤ እሱ ይለጥፍ፣ እርስዎ ያጣሩ፣ ኮሚሽኑን ተካፈሉ። ከሁሉም ጥምረት ይሄኛው ቶሎ ፍሬ የሚሰጥ ይመስለኛል።

የካርታ ማጣራትን ለሁላችሁም እመክራለሁ፣ ለብቻው እንኳ ክፍያ ሊጠየቅበት ይገባል። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ የሚሸጠው ቤቱና የይዞታ መብቱ ነው፤ ስለዚህ ይዞታው ነባር ነው ወይስ ሊዝ (ከመንግሥት ለተወሰነ ዘመን በክፍያ የተወሰደ) የሚለው ይቅደም። ሊዝ ከሆነ ስንት ተከፍሎ ስንት ይቀራል፣ የግንባታ ጊዜው አልፏል ወይ? የማኅበር ቤት ከሆነ የመሸጥ ገደብ አለበት ወይ? የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ አለበት ወይ? ባለትዳር ከሆነ ሁለቱም ይፈርማሉ ወይ? ሰባታሚት፣ ዘንዘልማና መሸንቲ በኩል ከተማውና የእርሻ መሬቱ በሚገናኙበት ቦታ ላይ ደግሞ ካርታ ሳይኖር በመንደር ውል ብቻ የሚሸጥ ያጋጥማችኋል። ኮሚሽኑ ምንም ያህል ቢያጓጓ እንዲህ ያለ ሽያጭ ውስጥ አትግቡ።

ለመጀመር ሰኔ ጥሩ ወር ነው። ዝናቡ የትኛው ግቢ ውኃ እንደሚተኛበት ያሳያችኋል፣ እስከ ጳጉሜን ድረስ ሰፈራችሁን ትለያላችሁ፣ የኪራይ ፍላጎቱ ተማሪና ሠራተኛ ሲመለስ ከመስከረም ጀምሮ ይመጣል።